የባቡር ሐዲዱ በጠረጴዛ ላይ፦ የአዳማና የአካባቢዋ ጣቢያዎች ታሪክ በሞዴል ሥራ ሲመረመር

እንደሚታወቀው የምድር ባቡር ታሪክ በታሪክ ትምህርት ውስጥ የሚያገኘው ቦታ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ገጽ አይበልጥም። ዳግማዊ አጤ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቃድ ሰጡ፤ ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀመረ፤ በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ ድሬዳዋ ደረሰ፤ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ከዚህ በኋላ ምዕራፉ ይዘጋል። ተማሪው አራቱን ዓመተ ምሕረቶች በቃሉ አጥንቶ ለፈተና ይመልሳል፤ ከፈተናው በኋላም ይረሳቸዋል። ባቡሩ ውኃውን ከየት ይቀዳ እንደ ነበር፣ በአንድ ሐዲድ ላይ ከፊት ለፊት የሚመጡ ሁለት ባቡሮች እንዴት ይተላለፉ እንደ ነበር፣ አንድ ፉርጎ ስንት ሜትር ይረዝም እንደ ነበር የሚጠይቀው የለም።

ይህ ጉዳይ ለአዳማና በስምጥ ሸለቆው ላይ ለሚገኙት እኅት ከተሞች ከሌላው ይልቅ አጣዳፊ ሆኖ ይታያል። በቀድሞው መስመር ላይ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ መካከል ይደረግ የነበረው ጉዞ በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ተቋርጧል። መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመርቆ ታኅሣሥ 23 ቀን 2010 ዓ.ም. መደበኛ አገልግሎቱን የጀመረው አዲሱ በኤሌክትሪክ የሚሠራ መስመር ደግሞ የአዳማ ጣቢያውን ያደረገው ከመሐል ከተማው ውጭ ነው። ስለዚህ ዛሬ በአዳማ መማሪያ ክፍል ውስጥ የተቀመጠው ልጅ በከተማው መካከል ባቡር ሲያልፍ አይቶ አያውቅም። የቀድሞው ሐዲድ በብዙ ስፍራ ተነቅሏል ወይም አፈር ለብሷል። በመስመሩ ላይ ሠርተው ጡረታ የወጡት ሰዎችም ዕድሜያቸው ገፍቷል። መጽሐፉ ያልመዘገበውን ነገር መጠየቅ የሚቻልበት ጊዜ ረጅም አይደለም።

ከዚህ አኳያ መምህራን ሊያስቡበት የሚገባ አንድ የሥራ ዘዴ አለ፤ ይኸውም የባቡር መስመሩን በልክ አሳንሶ በሞዴል መሥራት ነው። ነገሩ ሲሰሙት የልጆች ጨዋታ ይመስላል። የአገራችን ልጆች ከሽቦ፣ ከቆርቆሮና ከለስላሳ ጠርሙስ ቆርኪ መኪና መሥራት ማንም ሳያስተምራቸው ያውቁበታል፤ የእጅ ጥበቡ አለ ማለት ነው። በ1970ዎቹ በየአውራጃው የተቋቋሙት የትምህርት ማበልጸጊያ ማዕከላትም በአካባቢ ከሚገኝ ቁሳቁስ የትምህርት መርጃ መሣሪያ መሥራትን አስለምደው ነበር። በጨዋታና በጥናት መካከል ያለው ልዩነት የሚመጣው በልኬት ነው። የሽቦ መኪና የሚሠራ ልጅ መኪና የሚመስል ነገር ይሠራል። የታሪክ ሞዴል የሚሠራ ተማሪ ግን አንድን የታወቀ ነገር፣ በአንድ በታወቀ ቦታ፣ በአንድ በታወቀ ዓመት እንደ ነበረ አድርጎ መሥራት አለበት፤ እያንዳንዱ መንኮራኩርና እያንዳንዱ ምሰሶም መልስ የሚሻ ጥያቄ ይሆንበታል።

የመጀመሪያው ጥያቄ የሐዲዱ ስፋት ነው። የቀድሞው መስመር ስፋት፣ ማለትም በሁለቱ ሐዲዶች ውስጣዊ ጠርዝ መካከል ያለው ርቀት፣ 1 ሜትር ነበር፤ የአዲሱ 1,435 ሚሊ ሜትር ነው። አንዱ መስመር የሌላውን ፉርጎ ሊሸከም ያልቻለው፣ አዲሱም በአሮጌው ላይ ሳይሆን ከጎኑ እንደ ገና የተሠራው በከፊል በዚህ ምክንያት መሆኑን ተማሪው ሁለቱን ጎን ለጎን ሠርቶ ሲያይ ያለ ብዙ ንግግር ይረዳዋል። በካርታ ላይ እንደሚደረገው 1 ለ50 የሆነ መስፈርት ቢመረጥ የቀድሞው ሐዲድ 20 ሚሊ ሜትር፣ 10 ሜትር ርዝመት ያለው ፉርጎ 20 ሳንቲ ሜትር፣ 1 ሜትር ከ70 ቁመት ያለው ሰው 3 ሳንቲ ሜትር ከ4 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ይህ መስፈርት ለካርቶንና ለቆርቆሮ ሥራ የተመቸ ነው፤ ስሌቱም ከአንደኛ ደረጃ ተማሪ አቅም በላይ አይደለም።

ሆኖም በዚሁ መስፈርት ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ ያለውን 784 ኪሎ ሜትር ሙሉውን እንሥራ ቢባል ሞዴሉ ከ15 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል። ከፍታውም እንዲሁ ነው። የአዋሽ ጣቢያ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,000 ሜትር በታች ሲሆን አዳማ ከ1,600 ሜትር በላይ ትገኛለች፤ በመካከላቸው ያለው ልዩነት በ1 ለ50 ሲሰላ ከ12 ሜትር ያልፋል፤ ከብዙ ትምህርት ቤቶች ጣሪያ በላይ ማለት ነው። ስለዚህ መቀነስና መምረጥ ግድ ይሆናል። ምን ይቅር፣ ምን ይግባ? ጣቢያው ብቻ ነው ወይስ ገበያውም ጭምር? ይህ ጥያቄ የእንጨት ሠሪ ጥያቄ ሳይሆን የታሪክ ጸሐፊ ጥያቄ ነው። መጽሐፍ የሚጽፍም ሰው እንዲሁ ይመርጣል፤ በመጽሐፉ ግን የተተወው ነገር አይታይም፤ በጠረጴዛው ላይ ባዶ ቦታ ሆኖ ይታያል።

ሁለተኛውና ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ዓመቱ ነው። «የአዳማ ጣቢያ» የሚባል አንድ ነገር የለም፤ የየዘመኑ ጣቢያ አለ። በጣቢያው ሰሌዳ ላይ የሚጻፈው ስም እንኳ በዓመቱ ይወሰናል። ቁልቋል ከሚለው የኦሮምኛ ቃል እንደ መጣ የሚነገርለት አዳማ የሚለው ስም በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ናዝሬት በሚለው ተተክቶ ቆይቶ በ1992 ዓ.ም. በይፋ ወደ ቦታው ተመልሷል። ቢሾፍቱም ደብረ ዘይት ተብላ የኖረችበት ረጅም ጊዜ አለ። ሰሌዳውን የሚጽፍ ተማሪ ከቀለሙ በፊት ዓመቱን መወሰን አለበት።

1909 ዓ.ም. ቢመረጥ የሚታየው በሜዳ ላይ ያለች ትንሽ ጣቢያ ናት። ከዚያ በፊት ያለው ታሪክ ውጣ ውረድ የበዛበት ነበር። የመጀመሪያው ኩባንያ ድሬዳዋ ከደረሰ በኋላ ገንዘብ አልቆበት ወደቀ፤ በ1900 ዓ.ም. አጤ ምኒልክ ለሐኪማቸው ለዶክተር ጆሴፍ ቪታልየን አዲስ ፈቃድ ሰጡ፤ የፍራንኮ ኢትዮጵያ ኩባንያ የተባለውም በዚህ መሠረት ሥራውን ቀጠለ። ሐዲዱ የአዋሽን ገደል በድልድይ ተሻግሮ፣ በመተሐራ የፈንታሌን ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ አቋርጦ፣ በወለንጪቲ በኩል ወደ አዳማ፣ ከዚያም በሞጆና በቢሾፍቱ በኩል ወደ ደጋው ወጣ። መሬቱ የከረዩ ከብት አርቢዎችና የሌሎች የኦሮሞ ገበሬዎች መሬት እንደ ነበር መዘንጋት አይገባም። በሞዴሉ ላይ ከብት የሌለበት መተሐራ ቢሠራ ግማሹ ታሪክ ቀርቷል ማለት ነው።

በዚያ ዘመን ባቡሩ የሚሄደው በቀን ብቻ ነበር። ከጅቡቲ አዲስ አበባ ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር፤ መንገደኛው አንዱን ሌሊት በድሬዳዋ፣ ሌላውን በአዋሽ ያድራል። የአዋሽ ቡፌ ዝና የመጣው ከዚህ ነው፤ ለገሃርም ቢሆን ጣቢያ ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል የወጣ ስም ነው፤ ፉርጎም እንዲሁ ከዚያው ቋንቋ የመጣ ነው። ባቡሩ ትቶልን የሄደው ብረት ብቻ እንዳልሆነ ቋንቋው ይመሰክራል። ሎኮሞቲቩ በእንፋሎት ስለሚሠራ ውኃ በየመንገዱ መቀዳት ነበረበት፤ በቆላው ላይ ደግሞ ውኃ ብርቅ ነው። ሐዲዱ ነጠላ በመሆኑ ሁለት ባቡሮች የሚተላለፉት አንዱ በጣቢያ ቅያስ ሐዲድ ላይ ቆሞ ሌላውን ሲጠብቅ ነበር። እንግዲህ ጣቢያዎቹ ለምን ባሉበት ቦታ ተሠሩ ቢባል መልሱ ከፊሉ በውኃው፣ ከፊሉ በመተላለፊያው ላይ ነው። ከተማ የሚባለው ነገር ብዙ ጊዜ ከዚያ በኋላ የመጣ ነው፤ ባቡሩ ቆሞ ሲጠብቅ የሚበላና የሚጠጣ የሚሸጥ ሰው መጣ፤ ቀጥሎ ሱቅ፣ ቀጥሎ የእህል መጋዘን ተከተለ።

1928 ዓ.ም. ከተመረጠ ነገሩ ሌላ ነው። ሚያዝያ 24 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ በባቡር ወደ ጅቡቲ ሲሄዱ የሄዱት በዚሁ ነጠላ ሐዲድ ላይ ነው። ተማሪው ያን ቀን በጠረጴዛው ላይ ለመሥራት ሲነሣ አገሪቱን ከውጭው ዓለም ጋር የሚያገናኛት መንገድ ምን ያህል ጠባብ እንደ ነበረ ያያል፤ ስፋቱ አንድ ሜትር ነው። በወረራው ዘመን ደግሞ ሊቶሪና የተባለው የፊያት ሥራ የመንገደኛ ባቡር በመስመሩ ላይ መጣ። ሎኮሞቲቭና ፉርጎ ተነጣጥለው ሲታዩ ለኖረ ሰው ሞተሩንም መንገደኛውንም በአንድ አካል የያዘው ይህ ባቡር እንግዳ ነገር ነበር፤ በካርቶን ለመሥራት ግን ከሁሉ የሚቀለው እርሱ ነው።

1946 ዓ.ም. ምናልባት ለአዳማ ከሁሉ የበለጸገው ምርጫ ሳይሆን አይቀርም። በዚያ ዓመት የሆላንዱ ኤች.ቪ.ኤ. ኩባንያ ያቋቋመው የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ተመረቀ። በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ የናፍጣ ሎኮሞቲቮች የእንፋሎቶቹን ቦታ መያዝ ጀመሩ፤ የውኃ ጋኖቹም ሥራ መፍታት ጀመሩ። ስለዚህ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሁለቱን ዓይነት ሎኮሞቲቭ አብሮ ማሳየት ስሕተት የማይሆንበት ጊዜ ይህ ነው። የአርሲ እህል ወደ አዳማ መውረዱ፣ ስኳሩ በፉርጎ ነው ወይስ በጭነት መኪና የወጣው የሚለው ጥያቄ፣ የአሰብ መንገድ ጭነቱን ከባቡሩ እየነጠቀ መሄዱ፣ ይህ ሁሉ በሞዴሉ ጠርዝ ላይ አንድ አስፋልት መንገድ ከመሥራት ጋር ይነሣል። ባቡሩ የተሸነፈው በ2000ዎቹ አይደለም፤ ሽንፈቱ የተጀመረው ከጎኑ ያለው መንገድ ሲሻሻል ነው ብሎ መከራከር ይቻላል፤ ተማሪዎችም ቢከራከሩበት መልካም ነው።

ከዚያ ወዲህ ያሉት ዓመታት ለሞዴል ሠሪ ይከብዳሉ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በሶማሊያ ወረራ ጊዜ ድልድዮች ፈርሰው መስመሩ ተቆርጦ ነበር። በጥር 1977 ዓ.ም. አንድ የመንገደኛ ባቡር በአዋሽ አጠገብ ከሐዲዱ ወጥቶ ወደ ገደል በመውደቁ ከ400 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ለአደጋው ምክንያት ሆኖ የተነገረው ባቡሩ ፍጥነቱን ሳይቀንስ በድልድዩ አጠገብ ወዳለው ኩርባ መግባቱ ነው። ይህን በሞዴል ላይ ማሳየት አይገባም የሚሉ መምህራን ይኖራሉ፤ የወደቀ ባቡር ሠርቶ ማስቀመጥ በእርግጥ አያስፈልግም። ነገር ግን ኩርባውን በልክ ሠርቶ፣ አንዲት ፉርጎ በዝግታና በፍጥነት እየገፉ ማሳየት የፊዚክስንም የታሪክንም ትምህርት ያስተምራል፤ ስለ ሟቾቹ በዝምታ ከማለፍም ይሻላል።

የመተሐራውን ጉዳይ ብቻ ወስዶ መሥራትም ይቻላል። በ1950ዎቹ ዓ.ም. 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ የነበረው የበሰቃ ሐይቅ እየሰፋ ሄዶ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር አልፏል፤ የባቡሩና የመኪናው መንገድ መደብም ውኃው እንዳይውጠው ከአንድ ጊዜ በላይ ከፍ መደረግ ነበረበት። በጭቃ የተሠራ ሐይቅ፣ በየጊዜው ከፍ የሚል መደብ፣ በመደቡ ላይ ሐዲድ፤ ለጂኦግራፊ መምህር ከዚህ የቀለለና ከዚህ የተሻለ ሞዴል ማግኘት ያስቸግራል።

እንዲህ ያለው ሥራ በሌላ አገር ምን ፍሬ እንደ ሰጠ ለማወቅ አየርላንድን መመልከት ይጠቅማል። አየርላንድ የተመረጠችበት ምክንያት የሐዲዷ ስፋት ከጎረቤቷ የተለየ በመሆኑ ነው። የዋናው መስመሯ ስፋት 1,600 ሚሊ ሜትር ሲሆን የእንግሊዝ 1,435 ነው። በሱቅ ተሠርተው የሚሸጡት የባቡር ሞዴሎች ለረጅም ጊዜ በእንግሊዝ ልክ የተሠሩ ነበሩ፤ በ1 ለ76 መስፈርት ትክክለኛው የአየርላንድ ሐዲድ 21 ሚሊ ሜትር መሆን ሲገባው የሚሸጠው ሐዲድ 16 ሚሊ ሜትር ተኩል ነው። ስለዚህ ሞዴል ሠሪው ሁለት ምርጫ ነበረው፤ ወይ የእንግሊዝን ባቡር የአየርላንድ ቀለም ቀብቶ ልዩነቱን ችላ ማለት፣ ወይ ሐዲዱንም መንኮራኩሩንም ራሱ መሥራት። ሁለተኛውን የመረጡት ሰዎች የጣቢያ ግቢዎችን በሜትር ለኩ፤ ከኩባንያዎቹ መዛግብት ንድፎችን ፈለጉ፤ ሠራተኞችን ጠየቁ።

ከእነርሱ ሁሉ የታወቀው በዳብሊን የኢንቺኮር የባቡር ፋብሪካ ይሠራ የነበረው ሲሪል ፍራይ ነው። ፍራይ በሥራው ያገኛቸውን ንድፎች መሠረት አድርጎ በቤቱ ውስጥ የአገሩን ባቡሮች በብዛት ሠራ፤ ሥራው ከእርሱ ዕድሜ በኋላ ለሕዝብ ተጠብቆ በማላሃይድ ከተማ ለትርኢት ቀርቧል፤ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮም የራሱ ቤተ መዘክር አለው። በዚያ አገር ስፋታቸው 914 ሚሊ ሜትር የነበሩ ብዙ ትንንሽ መስመሮች ተዘግተዋል፤ የዶኔጋሉ እ.ኤ.አ. በ1959 መጨረሻ፣ የዌስት ክሌሩ በ1961 ቆመ። ሐዲዳቸው ከተነቀለ በኋላ አንዳንዱ ፉርጎ ምን ይመስል እንደ ነበር በሦስት ገጽታው የሚያሳየው ሞዴሉ ነው። ፎቶግራፍ ብዙ ጊዜ ከአንድ ወገን ብቻ ያሳያል፤ ሞዴል የሚሠራ ሰው ግን የጀርባውን ጎንና የሥሩን ብረት ሳያውቅ ሥራውን ሊጨርስ አይችልም።

በእርግጥ ከአየርላንድ ሥራዎች የማይወሰድም ነገር አለ። እንዲህ ያሉ ሞዴሎች ብዙ ጊዜ ከመጠን በላይ ንጹሕ ናቸው፤ ባቡሩ የሚያበራ፣ ጣቢያው አበባ የሞላበት ነው። በሦስተኛ ማዕረግ ተጨናንቆ የሚሄደው መንገደኛ፣ በፀሐይ ሐዲድ የሚጠግነው የቀን ሠራተኛ፣ በየጣቢያው ኮንትሮባንድ የሚፈትሸው ዘበኛ አይታይም። የኢትዮጵያ ሞዴል ይህን ቢደግም ትምህርቱ ወደ ጌጥ ይለወጣል። በኤሌክትሪክ የሚንቀሳቀስ ባቡር ለመግዛት መጣደፍም አያስፈልግም። በውጭ አገር ለአንድ ሜትር ሐዲድ ሞዴል የሚሸጥ 12 ሚሊ ሜትር ሐዲድ አለ፤ በ1 ለ87 መስፈርት ወደ ትክክለኛው ልክ እጅግ ይቀርባል፤ ነገር ግን ዋጋው ለትምህርት ቤት አይደለም። ሞዴሉ ባይንቀሳቀስም ትምህርቱ አይጎድልም፤ የሚንቀሳቀሰው የተማሪው ጥያቄ ነው።

ሥራው በምን ይጀመር? በአዳማና በአካባቢዋ ያሉ የመምህራን ማሠልጠኛ ተቋማት ሠልጣኞቻቸውን ከክፍል አውጥተው በየከተማው የተረፈውን ቢያስለኩ መልካም ጅምር ይሆናል፦ የመድረኩን ርዝመት፣ የግድግዳውን ውፍረት፣ የድልድዩን ምሰሶ፣ ሐዲዱ የተቀመጠበትን የብረት ጋድም። ጋድሙ ለምን ከእንጨት ሳይሆን ከብረት ተሠራ ብሎ የሚጠይቅ ሠልጣኝ ምስጥን፣ የዛፍን እጥረትና የማጓጓዣን ዋጋ በአንድ ጊዜ ያገኛቸዋል። ከከተማዎቹ ውጭም የድሬዳዋው ጥገና ፋብሪካ ከአሮጌዎቹ ሎኮሞቲቮችና ፉርጎዎች የተወሰኑትን ይዞ ቆይቷል፤ በ1922 ዓ.ም. የተመረቀው የአዲስ አበባው ለገሃር ሕንጻም አለ። ከልኬቱ ጋር የጡረተኞቹን ቃል መመዝገብ ያስፈልጋል፤ የሐዲድ መለወጫው በማን እጅ ይገለበጥ እንደ ነበር፣ በሌሊት ምን ዓይነት ፋኖስ ይሰቀል እንደ ነበር የሚያውቁት እነርሱ ናቸው። ልኬቱና ቃሉ ሲጋጩ የሚነሣው ክርክር ራሱ የታሪክ ትምህርት ነው፤ ለዚያ ክርክር በሥርዓተ ትምህርቱ ውስጥ ሰዓት የሚመድብ ዕቅድ አውጪ ያስፈልጋል። ሰዓቱ ካልተመደበ መምህሩ ወደ አራቱ ዓመተ ምሕረቶች መመለሱ አይቀርም።

ለሻሸመኔ፣ ለመቂና ለባቱ ትምህርት ቤቶች ደግሞ ለየት ያለ ሥራ አለ። በእነዚህ ከተሞች ባቡር አልፎ አያውቅም፤ ሊያልፍ ግን ታስቦ ነበር። በ1950ዎቹ ዓ.ም. ከናዝሬት ተነሥቶ ወደ ዲላ የሚደርስ ወደ 310 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መስመር እንዲሠራ ዕቅድ ወጥቶ ነበር፤ ዓላማውም ደቡቡን ቡና አብቃይ አገር ከዋናው መስመር ጋር ማገናኘት ነበር። ሳይሠራ ቀረ። ለዚህ ሞዴል የሚለካ መድረክ፣ የሚጠየቅ ጡረተኛ የለም፤ ያለው ካርታው፣ የሐይቆቹ አቀማመጥ፣ የመሬቱ ተዳፋትና የቡናው መንገድ ብቻ ነው። የሻሸመኔ ተማሪዎች ጣቢያቸውን የት ያደርጉት ነበር፤ ውኃውን ከየት ይቀዱለት ነበር፤ ገበያውስ ዛሬ ባለበት ይቆይ ነበር ወይ?